ያረጀው ፈረስ የማን ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም ለዓለማት እዝነት ሆነው በተላኩት ነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሐቦቻቸው ላይ ይሁን።



የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን አንደበት ስለሌለው ፍጥረት ነው። ሁላችንም አይተነዋል። ከአስፋልቱ መሐል፣ ከአደባባዩ ሣር ላይ፣ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ይቆማል። ጎድኑ ይቆጠራል፣ ጀርባው ተገጥቧል፣ አንድ እግሩን መሬት ማስነካት አቅቶት ያንጠለጥለዋል። መኪና ጥሩንባ ሲነፋበት እንኳ አይሸሽም። ትናንት ሲሚንቶ፣ እህል፣ ውሃ፣ ተማሪ ሲያመላልስ የነበረ የጋሪ ፈረስ ነው። ዛሬ አነከሰ፤ ወይም አረጀ፤ ወይም ባጃጅ መጥቶ ሥራውን ወሰደበት። በሌሊት ገመዱ ተፈታና "ተለቀቀ"። ብዙውን ጊዜ የሚጨርሰው ጅብ ነው።

"መልቀቅ" የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ነፃ ማውጣት ይመስላል። ግን ዕድሜውን ሙሉ ከሰው እጅ ሲበላ የኖረን እንስሳ አስፋልት ላይ መተው መልቀቅ አይደለም፤ መጣል ነው።

አላህ የማለበት ፍጥረት

አላህ በቁርኣን በታላላቅ ነገሮች ይምላል። በፀሐይ፣ በጨረቃ፣ በጊዜ። በመቶኛዋ ሱራ፣ በሱረቱል ዓዲያት ደግሞ፣ አብዛኞቹ ሙፈሲሮች እንዳሉት፣ በሚጋልቡ ፈረሶች ይምላል። እያለከለኩ ስለሚሮጡት፣ ሰኮናቸው ድንጋዩን ሲመታ እሳት ስለሚያስፈነጥሩት፣ ማለዳ አቧራ እያስነሱ ጠላት መሐል ስለሚገቡት።

ከዚህ ሁሉ መሐላ በኋላ የሚመጣው ስለ ፈረስ አይደለም። ስለ እኛ ነው። የሰው ልጅ ለጌታው "ከኑድ" መሆኑን፣ ለዚህም ራሱ ምስክር መሆኑን ይነግረናል። ሐሰነል በስሪ ከኑድ ማለት መከራውን እየቆጠረ ጸጋውን የሚረሳ ሰው ነው ብለው ፈስረውታል።

ዑለሞች ሁለቱን ሲያገናኙ እንዲህ ይላሉ፦ ፈረስ ጌታው የሰጠው ጥቂት ሣርና ውሃ ነው። ለዚያ ብሎ ጦር ወዳለበት ይሮጥለታል። ሰው ግን ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብ፣ ሲሳይ ከሰጠው ጌታ ፊቱን ያዞራል። እንግዲህ ሳይሰስት ያገለገለውን ፈረስ ሜዳ ላይ የጣለ ሰው ምን ሊባል ነው? ያ ፈረስ በአደባባዩ ላይ ቆሞ ከኑድነታችንን ለአላፊ አግዳሚው ያሳያል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ፈረስን የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ነገሥታቶቻችንና መኳንንቶቻችን በፈረሶቻቸው ስም ሲጠሩ ኖረዋል። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር ዛሬም ድረስ የሚታወሱበት ስም የፈረስ ስም ነው። "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" ብለን ተርተናል። ድርሻው ማድረስ ነበር፤ አደረሰ። የቀረው የኛ ድርሻ ነው።

አንድ ባለጋሪ የጠየቀኝ ጥያቄ

ከዙህር ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ባለጋሪ ጥግ ይዞ ጠበቀኝና እንዲህ አለኝ፦ "ኡስታዝ፣ ፈረሴ አነከሰ። ሳይሠራ ሁለት ሳምንት ሆነው። ለፉርሽካና ለድርቆሽ የማወጣው የልጆቼ ዳቦ ነው። የሚገዛኝም የለም። ጓደኞቼ ማታ ወስደህ ልቀቀው ይሉኛል። ሐራም ነው እንዴ?"

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ይህ ሰው ጨካኝ አይደለም። ጨካኝ ቢሆን ኖሮ ሳይጠይቅ ይጥለው ነበር። ከፊቱ ሁለት የተራቡ አፎች አሉ፤ አንዱ ይናገራል፣ አንዱ አይናገርም።

መልሱን ከመስጠታችን በፊት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ፈረስ ባለቤቶች ያስተማሩትን እናስታውስ። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ፈረስ ለሦስት ዓይነት ሰው ሦስት ነገር እንደሚሆን ነግረውናል፦ ለአንዱ አጅር፣ ለአንዱ መሸፈኛ፣ ለአንዱ ወንጀል። በአላህ መንገድ ያሰረው አጅር ያገኝበታል። ለጉራና ለክፋት ያሰረው ወንጀል ይሸከምበታል። መካከለኛው ሰው ማነው? ከሰው እጅ ላለመጠበቅ፣ ክብሩን ጠብቆ ሠርቶ ለመብላት ፈረስ የያዘ ነው። ባለጋሪው ወንድማችን ማለት ነው! ፈረሱ ከልመና ይሸፍነዋል። ግን ሐዲሱ አንድ መስፈርት አስቀምጦለታል፦ በፈረሱ አንገትና ጀርባ ላይ ያለውን የአላህን ሐቅ አለመርሳት። ከዑለሞች ከፊሎቹ ይህን ሐቅ በደንብ መመገብና ከአቅም በላይ አለመጫን ብለው አብራርተውታል።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነበር፦ ወንድሜ፣ በሌሊት ወስደህ መጣል አይፈቀድልህም። ነገር ግን ጥያቄው ያንተ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

የፊቅሁ መሰላል

የእንስሳ ቀለብ በባለቤቱ ላይ ግዴታ ነው። ዑለሞች በዚህ አይለያዩም። እምቢ ያለ ሰው በዳኛ ይገደዳል ወይስ ነገሩ በሱና በአላህ መካከል ይቀራል በሚለው ላይ ነው የተለያዩት። አቡ ሐኒፋ (ረሒመሁላህ) በዳኛ አይገደድም፣ ግን በአላህ ዘንድ ተጠያቂ ነው ሲሉ፣ ሻፊዒይ፣ ማሊክና አሕመድ (ረሒመሁሙላህ) ይገደዳል ብለዋል።

የሻፊዒይ ፉቀሃዎች ከዚያ በላይ ሄደዋል። ባለቤቱ ይመግብ፤ ካልሆነ ይሽጥ ወይም ያከራይ። አቅም አጥቶ ይህ ሁሉ ካልተቻለስ? ቀለቡ ከበይተል ማል ይሸፈናል። በይተል ማል ከሌለስ? ግዴታው ወደ ሙስሊሞች ይሸጋገራል።

ይህን መሰላል ደግመን እንየው። ባለቤት፣ በይተል ማል፣ ሙስሊሞች። ያረጀው ፈረስ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ አለ። ባለቤቱ ሲያቅተው የማንም አይሆንም ማለት አይደለም። የሁላችንም ይሆናል።

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ፣ ባለቤቶቹ መቀለብ አቅቷቸው የተዉትን እንስሳ አግኝቶ፣ ወስዶ ያዳነው ሰው እንስሳው የሱ እንደሚሆን ተላልፏል። ሻዕቢይ ይህን ከማን ሰማህ ተብለው ሲጠየቁ፣ ከአንድ በላይ ከሆኑ የነብዩ ሰሐቦች መሆኑን ተናግረዋል። ኢማሙ አሕመድ ይህን ይዘዋል። ሌሎች ዑለሞች ደግሞ ንብረቱ ከመጀመሪያ ባለቤቱ እጅ አይወጣም ብለዋል። ስለዚህ አንድን የተጣለ ፈረስ የምታነሱ ወንድሞች ከጭቅጭቅ ለመዳን ባለቤቱን ፈልጉ፤ "ትቼዋለሁ" የሚለውን ቃሉን በሁለት ምስክር ፊት ተቀበሉ። በሐዲሱ ላይ ግን "ሕይወት የሰጠው" የሚል ሐሳብ የያዘውን ቃል ልብ በሉ። የተጣለን ፈረስ ማንሳት በሸሪዓችን ሕይወት ከመስጠት ተቆጥሯል።

ያነባው ግመል

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ቀን ከአንሷሮች ወደ አንዱ የአትክልት ቦታ ገቡ። አንድ ግመል ሲያያቸው ድምፅ አወጣ፤ ዓይኖቹ አነቡ። ተጠግተው ከጆሮው ኋላ አሻሹትና ዝም አለ። ባለቤቱ የማን እንደሆነ ጠየቁ፤ አንድ ወጣት ቀረበ። አላህ በሰጠህ በዚህ እንስሳ ላይ አላህን አትፈራም ወይ ብለው ገሠጹት፤ እንደምታስርበውና እንደምታለፋው ነግሮኛል አሉት።

እስኪ ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። መጀመሪያ ወደ እንስሳው ሄዱ፣ አረጋጉት። ከዚያ ባለቤቱን ፈለጉ። ከዚያ መከሩ። እኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን፦ ባለጋሪውን እንሳደብና ፈረሱን ሳንነካ እናልፋለን።

ቀደምቶቻችን ይህን ትምህርት ወደ አሠራር ቀይረውት ነበር። ኸሊፋው ዑመር ኢብን ዓብዱልዓዚዝ በግብፅ ግመሎች 1000 ረጥል እንደሚጫኑ ሲሰሙ፣ ከ600 ረጥል እንዳይበልጥ ወደ ገዢያቸው ጽፈዋል። ማወርዲይ የገበያ ተቆጣጣሪው፣ ሙሕተሲቡ፣ እንስሳትን ከአቅማቸው በላይ የሚጭኑትን እንዲከለክል አስፍረዋል። ሶሪያዊው ዓሊም ሙስጠፋ አስሲባዒ ደግሞ በደማስቆ ከተማ ያለው አረንጓዴ መስክ፣ ባለቤቶቻቸው አንቀልብም ላሏቸው ያረጁ እንስሳት ወቅፍ ሆኖ፣ እስኪሞቱ ድረስ ይግጡበት እንደነበር ጽፈዋል። አስቡት፤ በትልቅ ከተማ ውስጥ መሬት ለማይሠራ ፈረስ!

የካይሮ ፈረሶች

አንድ ሌላ ታሪክ ልጨምር። ጥበብ የሙእሚን የጠፋ ንብረቱ ናት ይባላልና፣ ከማንም ብትመጣ እንወስዳታለን። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ ጦር ብዙ ፈረሶቹን ወደ ሀገራቸው አልመለሰም፤ ግብፅ ውስጥ ሸጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1930 ዶሮቲ ብሩክ የተባለች እንግሊዛዊት ከባለቤቷ ጋር ካይሮ ስትመጣ እነዚያን ፈረሶች አጥንታቸው ወጥቶ ጋሪ ሲጎትቱ አገኘቻቸው። በ1931 ለሀገሯ ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች፤ ገንዘብ መጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 5000 የሚሆኑ ፈረሶችን ገዛች። አብዛኞቹ ከመዳን አልፈው ስለነበር የመጨረሻ ቀናቸውን በዕረፍትና በጥጋብ እንዲያሳልፉ ብቻ ነበር የቻለችው። በ1934 ካይሮ ላይ ለድሆች ፈረስ ነፃ የሕክምና ቦታ ከፈተች። በስሟ የሚጠራው ብሩክ የተባለው ድርጅት ዛሬ በሀገራችንም ይሠራል።

ከዚህ ታሪክ ልቤን የሚነካው አንድ ነገር ነው። ፈረሶቹን ከባለቤቶቻቸው በጉልበት አልነጠቀችም። ድሃ መሆናቸውን አውቃ ዋጋ ከፈለች። ሰውየውን ሳይረዱ ፈረሱን ማዳን እንደማይቻል ገብቷታል።

አንድን ፈረስ ለማንሳት

ወደ ባለጋሪው ልመለስ። የጀመዓው ወንድሞች ተነጋገሩ። አንዱ የሁለት ሳምንት ቀለብ ቻለ፣ አንዱ ግቢውን ሰጠ፣ አንዱ የእንስሳት ሐኪም ጠራ። ሐኪሙ ሰኮናውን አገላብጦ ሲፍቀው ውስጡ ሚስማር ወግቶት መግል ቋጥሯል። ከፈተው፣ አጠበው፣ ጠቀለለው። ከዕረፍት ጋር ፈረሱ በሳምንታት ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆመ። በአንድ ሚስማር ምክንያት ለጅብ ሊሰጥ ነበር! ሁሉም እንዲህ አይድንም። ግን ሳይመረመር የተጣለ ፈረስ ስንት እንደሆነ አላህ ይወቀው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ የሚጠቅሙ ጥቂት ነጥቦችን ከእንስሳት ሐኪሞች እንውሰድ፤ ያለ ዕውቀት የሚደረግ ደግነት ይገድላልና።

አንደኛ፣ የተራበን ፈረስ እህል አታጥግቡት። ገብስ ወይም ፉርሽካ በአንድ ጊዜ ሲበዛለት ደሙ ውስጥ ያሉት ማዕድናት ይዛባሉ፤ ልቡ ይደክማል፤ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ንጹሕ ውሃ ስጡት። ጥሩ ድርቆሽ ወይም አልፋልፋ ትንሽ ትንሽ፣ በየአራት ሰዓቱ፤ መጠኑን በአሥር ቀን ውስጥ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።

ሁለተኛ፣ ሐኪም ጥሩ። ጥርሱ ሾሎ ምላሱንና ጉንጩን እየቆረጠው ሊሆን ይችላል፤ ያኔ መኖ ቢቀርብለትም አይበላም። ሰኮናው በየስድስትና ስምንት ሳምንቱ መስተካከል ይፈልጋል። የሆድ ትል መድኃኒትና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልገዋል፤ ፈረስ በዚህ በሽታ በቀላሉ ይጠቃል። ቢሾፍቱ ካለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ጀምሮ እስከ ወረዳው ክሊኒክ የሚጠየቅ ባለሙያ አለ።

ሦስተኛ፣ ቆዳው ላይ በመስመር የተደረደሩ የሚፈነዱ እብጠቶች ካያችሁ ከሌሎች ለዩት። በሀገራችን የጋሪ ፈረሶችን ክፉኛ የሚጎዳ የፈንገስ በሽታ አለ፤ በቁስል፣ በዝንብና በተዋዋሱት የጋሪ ዕቃ ይተላለፋል። የአንዱን ዕቃ ለሌላው አታድርጉ። ፈረሱ ለሀጩን የሚያዝረበርብ፣ የሚንገዳገድ፣ ባሕርይው የተለወጠ ከሆነ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል እጃችሁን ወደ አፉ አታስገቡ፤ ሐኪም እስኪመጣ ራቁ።

አራተኛ፣ ታገሡ። የከሳ ፈረስ ሥጋ ለመልበስ ወራት ይፈልጋል። ገጣባው ሳይሽር ጋሪ አታስጎትቱት። መዳን የማይችል መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ደግሞ ስቃዩን እንዴት ማሳጠር እንደሚቻል ዓሊም ጠይቃችሁ አድርጉ፤ ለጅብ መተው መልስ አይደለም።

"ሰው እየተራበ ስለ ፈረስ?"

ይህን የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን እስኪ እንመርምረው። በሀገራችን 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች አሉ። የሚኖሩት ከሀብታም ቤት አይደለም፤ ከገበሬና ከባለጋሪ ጓሮ ነው። የዚያ ባለጋሪ ፈረስ ሲድን የተመገቡት ልጆቹ ናቸው። ለተጠማ ውሻ ውሃ ያጠጣው ሰው ምሕረት ማግኘቱን፣ ድመት አስራ ያስራበችው ሴት መቀጣቷን የነገሩን ነብይ (ሰ.ዐ.ወ) የሰውን ረሃብ የረሱ አልነበሩም። እዝነት ከአንድ ልብ ነው የሚወጣው። ለፈረስ ሲደርቅ ለሰው አይረጥብም።

ደግሞም ነገሩ ከፈረስ ያልፋል። እስኪጠቅም ይዞ፣ መጥቀም ሲያቆም መጣልን ከለመድን፣ ልማዱ በጋሪው ላይ አይቆምም። ጉልበቱን ለልጆቹ ጨርሶ ዛሬ ከበር ሥር የተቀመጠውን አባት እንዴት እያየነው ነው? ዓመታት ዐረብ ሀገር ሠርታ ቤት አሠርታ፣ ወንድም አስተምራ፣ ታማ ስትመለስ እንደ ሸክም የምትታየውን እህት እንዴት ተቀበልናት? ሁለቱም አደረሱ። የቀረው የኛ ድርሻ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እንያዝ። ባለጋሪ የሆንክ ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ጋሪውን ስትፈታ ጀርባውንና ሰኮናዎቹን በእጅህ ዳብስ፤ ጭነቱን በልክ አድርግ። ጋሪ የምትሳፈሩ፣ ከልክ በላይ ሲጫን "ይበቃል" በሉ፤ አለንጋ ሲበዛ ዝም አትበሉ። የመስጂድ ኮሚቴዎች፣ በየሰፈራችሁ ከሰደቃው ትንሽ ለይታችሁ ለታመመ የድሃ እንስሳ መታከሚያ አስቀምጡ። መሬት ያላችሁ፣ ጥግ ያለች ግጦሽ ወቅፍ ማድረግን አስቡ።

ሰሐባው አቡ ደርዳእ (ረ.ዐ) ሊሞቱ ሲሉ ግመላቸውን አነጋግረው እንደነበር ተወርቷል። ጌታህ ዘንድ አትክሰሰኝ፣ ከአቅምህ በላይ ጭኜህ አላውቅም አሉት። ያ ታላቅ ሰው በሞት አፋፍ ላይ ሆነው ያሰቡት ከግመላቸው ጋር የሚቆሙበትን ችሎት ነበር። አንደበት የሌለው ሁሉ ያን ቀን ይናገራል።

አላህ ሆይ፣ የሰጠኸንን የምናስታውስ እንጂ ከኑድ ከሆኑት አታድርገን። በእጃችን ላለ አንደበት አልባ ፍጥረት እዝነትን ስጠን። የደከሙትን ባለጋሪዎች ሲሳይ አስፋላቸው፤ የታመሙትን እንስሶቻቸውን አድንላቸው። ያገለገሉንን ሁሉ ሳንጥል የምንሸኝ አድርገን። አሚን።

ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ሱረቱል ከህፍን እንቅራ፣ በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት እናብዛ። ለአንድ ባለጋሪ ይደርስ ዘንድ መልእክቱን አስተላልፉት።

ጁሙዓ ሙባረክ!